ያልተለጠፈው ካርድ

«ካርዱን ያዢልኝ፤ ቴፑን ልቁረጥ» አለች ፊያሜታ።

ጸዳለ ተቀብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

የጃፓንኛ መምህርታቸው ሚስ ሞሪ ተማሪዎቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ «የጓደኛችሁን ጠባይ በአንድ የጃፓን ፈሊጥ ግለጹ» ብላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ ወላጆች ስለሚመጡ ካርዶቹ ግድግዳ ላይ ይለጠፋሉ። ጃፓኖች መቼም ያውቁበታል፤ ብዙ ወዳጅ ያለውን «ፊቱ ሰፊ ነው»፣ ትሑቱን ደግሞ «ወገቡ ዝቅ ያለ ነው» ይሉታል። ጸዳለ ለፊያሜታ የመረጠችው «ፉቶፓራ»ን ነው፤ «ወፍራም ሆድ» ማለት ነው፣ እኛ ሆደ ሰፊ እንደምንለው። ፊያሜታ ደግሞ ለእሷ «ኩቺ ጋ ካታይ» ብላ ጽፋለች። አፏ ጠንካራ፣ ምስጢር የማታወጣ።

እሰይ የሚያሰኝ ነበር፤ ያለፈው ቅዳሜ ባይኖር ኖሮ!

ፊያሜታ የመንጃ ፈቃድ የጽሑፍ ፈተና ሦስት ጊዜ ወድቃለች። ወደ ፈተናው ይዛት ከምትሄደው አክስቷና ከጸዳለ በቀር የሚያውቅ የለም፤ አባቷ ጋሽ ግዛው እንኳ አልሰሙም። ቅዳሜ ግን በቤተ ክርስቲያን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ «የጸሎት ርዕስ ያለው?» ሲባል ጸዳለ እጇን አወጣች።

«ለአንዲት ጓደኛዬ ጸልዩላት፤ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ሦስት ጊዜ ወደቀች።»

ስም አልጠራችም። ሙሴ የሚባለው ቀልደኛ «ፊያሜታ ናት አይደል?» ሲላት ግን መካድ አቅቷት ሳቀች። በቃ፣ ሳቋ መልስ ሆነ። ምስጢር የጸሎት ርዕስ ተብሎ ሲወጣ ሐሜት አይመስልም፤ ጉዱ እዚያ ላይ ነው።

አሁን ዝም ብትል ካርዱ ይለጠፋል። እናቷም ከምትሠራበት ካዚኖ ሺፍቷን ጨርሳ በቀጥታ መጥታ ፎቶ ታነሳዋለች።

«ምነው? ደስ አላለሽም እንዴ?» አለች ፊያሜታ።

«በጣም ደስ ብሎኛል። ግን አትለጥፊው» አለችና ቅዳሜንም፣ ሙሴንም፣ ሳቋንም ሳታስቀር ነገረቻት።

«ሲሪየስሊ፣ ጸዲ? በጸሎት ርዕስ?»

«ይቅርታ።»

የፊያሜታ ፊት ቀላ። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን፣ «ወፍራም ሆድ» የሚለውን የራሷን ካርድ ቀና ብላ አየችና በረጅሙ ተነፈሰች።

«ኧረ ይሄ ሆዴስ አበዛው!» አለች። የጸዳለን ካርድ አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «የሚገባሽ ቀን እለጥፈዋለሁ።»

«እማዬ ‹ያንቺስ የታለ?› ብትለኝስ?»

«ንገሪያታ! የራስሽን ምስጢር እንዳታወጪ ማን ከለከለሽ?»

ጸዳለ ሳቋ መጣ። ባዶውን ቦታ እንዳለ ትታ የሌሎቹን ካርዶች መለጠፍ ጀመረች፣ ለእናቷ ከየት ብላ እንደምትጀምር እያሰበች።