ለብቻዋ የተጋገረች ዳቦ

አናጢው ሆሴዕ የሞተው የእሑድ ልብሱን እንደለበሰ ነው። ጫማው ተወልውሎ ያበራል፤ ፊቱ ግን የእሱ አይመስልም። ከንፈሩ አብጦ ተገልብጧል፣ ዓይኖቹ ከእብጠቱ ሥር ጠፍተዋል፣ አንገቱን በገዛ ጥፍሩ ቧጭሮታል። በጅማ፣ በቾ ቦሬ ሰፈር ከተከራያት ክፍል ደጃፍ የተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያውቀው፤ መርዝ።

የፖሊስ ሃምሳ አለቃ አሰገደች በርከክ ብላ ሬሳውን ስታይ ቆየች። ሬሳ አይዋሽም፣ የሚዋሹት ከሬሳው አጠገብ የቆሙት ናቸው ማለት ትወድ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጓድ ከፈለ ግን ምርመራውን ጨርሶ ነው የጠበቃት።

«ገዳይዋ ተይዛለች» አላት። «አከራዩ ዘይቡ ናት። የምታበስልለት እሷ፣ ምሳ ላደርስ ገብቼ ሞቶ አገኘሁት ብላ የጮኸችውም እሷ። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ለአብዮት ጥበቃ አስረክባታለሁ።»

ዘመኑ 1971 ነው። ለአብዮት ጥበቃ የተሰጠ ሰው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ ደፋር ጅማ ውስጥ አልነበረም።

«አሁን ስንት ሰዓት ነው?»

«ዘጠኝ።»

«እንግዲያው ሦስት ሰዓት አለኝ» አለች አሰገደች።

ጠረጴዛው ላይ ዘይቡ ያመጣችው ሳህን በጨርቅ እንደታሰረ ተቀምጧል፤ ቋጠሮው አልተፈታም። ከሟቹ የደረት ኪስ መሐረብ አወጣች። በመሐረቡ ውስጥ ግማሿ የተበላ፣ የጣት ጫፍ የምታክል ቁራሽ ዳቦ ተጠቅልላለች። አሰገደች ቁራሿን ማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አስገብታ ዘጋችው።

ዘይቡ የታሰረችው የቀበሌው ዕቃ ቤት ነው። ሽማግሌ ናት፤ ሻሿ ተፈቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል።

«ኢልመ ኮ! ልጄ ነው እኮ!» አለች እያለቀሰች። «ኦቾሎኒ ከቀመሰ ያብጣል፣ ትንፋሹ ይዘጋል። እሱ ከገባ አራት ዓመት፣ ወላሂ፣ ቤቴ አንዲት ፍሬ አልገባችም። የልጅ ልጄ እንኳ በልታ ስትመጣ አፏን ደጅ ሳታጥብ አላስገባትም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበር?»

ዘይቡ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«እማማ ዘይቡ፣ ያውቃሉ። ካልነገሩኝ የሚሞቱት እርስዎ ነዎት።»

«እኔ በልቼ ጠጥቼ አርጅቻለሁ» አለች ዘይቡ ቀስ ብላ። «እነሱ ልጆች አሏቸው።»

አሰገደች ከዚህ በላይ አልጠየቀቻትም። እሑድ፣ የተወለወለ ጫማ፣ ቁራሽ ዳቦ። የእነ ሆሴዕ፣ የጴንጤዎቹ ጸሎት ቤት በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ሰዎቹ ግን መጸለይ እንዳልተዉ ከከፈለ በቀር ከተማው ሁሉ ያውቃል። ሆሴዕ የታጨው ደግሞ ለልብስ ሰፊው ለኤርሲዶ ልጅ ለልያ ነው።

ቦሳ ኪቶ ሰፈር፣ ልብስ ሰፊው ቤት ስትደርስ ኤርሲዶና ሚስቱ ሽታዬ ሐዘን ተቀምጠዋል። ኤርሲዶ ዓይኑን ከመሬት አላነሣም።

«ዛሬ ሆሴዕን አላየነውም» አለ።

ከግድግዳው ጥግ ስምንት አግዳሚ ወንበር ተደርድሯል። ለሦስት ሰው ስምንት አግዳሚ! አሰገደች አይታ እንዳላየች ሆነች።

«እንደ ልጄ ነበር» አለች ሽታዬ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «የዚያች ሴትዮ ነፍስ ሲኦል ይግባ!»

አሰገደች ልያን ለብቻዋ ጓሮ ወሰደቻት። ከማድ ቤቱ ውጭ፣ ከውሻው መብያ በላይ፣ አንድ ጣሳ ሚስማር ላይ ተሰቅሏል።

«ይሄ የማን ነው?»

«የሆሴዕ» አለች ልያ። «ለበሽታው ይሻላል ብላ እማዬ ለየችለት።»

«ልያ፣ ስሚኝ። እማማ ዘይቡ ስለ እናንተ አንድ ቃል አልተነፈሱም። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወስዷቸዋል። ብናገር እናንተ ትታሰራላችሁ፤ ዝም ብል እሳቸው ይሞታሉ።»

ልያ ማንም እንዳይሰማ ወደ ቤቱ በር ዞራ አየች።

«ጠዋት እዚህ ነበር» አለች። «ቅዱስ ቁርባን ወሰድን። አባዬ አንዱን ትልቅ ዳቦ ለሁላችን ይቆርሳል፤ የሆሴዕን ግን እማዬ ትንሽ ዳቦ ለይታ ትጋግርለታለች። ስንወጣ አንድ በአንድ ነው፣ ሰው እንዳይጠረጥር። ሆሴዕ ወንበሮቹን ስለሚመልስ ሁልጊዜ መጨረሻ ነበር የሚወጣው። ዛሬ ግን እማዬ ‹ወንበሩን እኔ እመልሳለሁ፤ አንተ ቅደም› አለችው።»

«ቅደም አለችው?»

«አዎ። ያን ሲናገሩ ‹የነገረችኝ ልያ ናት› ይበሉ።»

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በኤርሲዶ ሳሎን ተሰበሰቡ። ከፈለ በአሰገደች ጥሪ ዘይቡን በሁለት ጠባቂ አስይዞ መጣና ሰዓቱን እያየ ቆመ። አሰገደች ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«የዘይቡ ሳህን አልተፈታም» ብላ ጀመረች። «ቋጠሮው እሳቸው እንዳሰሩት ነው። ሆሴዕ የመጨረሻ የበላው እዚህ ቤት ነው። ልያ ነግራኛለች።»

ኤርሲዶ ልጁን ቀና ብሎ አያት።

«እትዬ ሽታዬ፣ የእሑዱ ትልቅ ዳቦ ውስጥ ምን ይገባል?»

«ዱቄት፣ ውሃ፣ ጨው» አለች ሽታዬ።

«ኦቾሎኒስ?»

«ኧረ በፍጹም! ነክቶት አያውቅም።»

«ታዲያ ትልቁ ዳቦ ሆሴዕን ምን ይጎዳው ነበር? የሱን ለምን ለብቻው ይጋግሩ ነበር?»

ሽታዬ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች።

«ጣሳውስ?» ቀጠለች አሰገደች። «ጣሳ ኦቾሎኒ አያበቅልም። ከውሻው መብያ በላይ የተሰቀለው ለበሽታ አይደለም። እኔ ሆሳዕና ከተማ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። የሸክላ ሠሪ ልጅ ውሃ ሲለምን፣ ዕቃችን እንዳይነካ ብለው በቅጠል ሲሰጡት አይቻለሁ። የሆሴዕ አባት ምን ነበሩ ልያ?»

«ሸክላ ሠሪ» አለች ልያ። እናቷን እያየች ነበር፤ አሁን ነው ነገሩ የገባት።

«በሽታው ለእርስዎ መሸፈኛ ሆነልዎት። ጉባኤው ሁሉ ‹እንዴት ትንከባከበዋለች› ይል ነበር፤ እርስዎ ግን እጁ ዳቦዎን እንዳይነካ ነበር የሚለዩት። ከዚያ ልጅዎ ልታገባው ሆነ።» ደብተሯን ገልጣ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አነሣችው። ቁራሿ ያረፈችበት ቦታ ቅባት ጠጥቶ ብርሃን ያሳልፋል። «ዱቄት፣ ውሃና ጨው እንዲህ አያደርግም። ቀምሼዋለሁ፤ በደንብ የተወቀጠ ኦቾሎኒ ነው። እኔን ምንም አላደረገኝም። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መርዝ ነው። ሆሴዕም ጣዕሙ ሳያጠራጥረው አልቀረም፤ ግን ቅዱሱን እንዴት ይትፋው? የቀረውን በመሐረቡ ጠቅልሎ ያዘው። እርስዎም እዚህ እንዳይወድቅ ‹አንተ ቅደም› አሉት።»

«እማዬ፣ ውሸት ነው በይ» አለች ልያ።

ሽታዬ ግን አልካደችም። ቀና ስትል ፊቷ ላይ ጥፋተኝነት ሳይሆን ቁጣ ነበር።

«በጌታ ፊት አንድ ነን፤ እሺ፣ እዚያ አንድ ነን! እዚህ ግን ዘመድ አለኝ፣ ሰው ያየኛል። የሸክላ ሠሪ ልጅ ልታዝል ነው ያሳደግኳት?»

«አንተስ ጋሽ ኤርሲዶ» አለች አሰገደች፣ «ጠርጥረህ አልነበረም?»

«ቅደም ስትለው ሰምቻለሁ» አለ ኤርሲዶ።

«እኚህ አሮጊት ሊገደሉ ሲወሰዱ ዝም አልክ?»

«ጉባኤው ይበተናል ብዬ ነው...»

ከፈለ ይህን ሲሰማ ነቃ። ቀኑን ሙሉ ከኪሱ ያልወጣ እስክሪብቶ አወጣ።

«የትኛው ጉባኤ?» አለ። «ስም በስም ንገረኝ።»

አሰገደች ይህ እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። አንዲት ንጹሕ ሴት ለማውጣት ስንት ንጹሕ እንደምታስገባ ቆጥራ ነው የመጣችው። ከፈለ ስለ ግድያው ሁለት መስመር ጻፈ፤ ስለ ስምንቱ አግዳሚ ወንበር ሁለት ገጽ ሞላ።

የዘይቡን እጅ ፈቱ፤ የኤርሲዶን ቤተሰብ አሰለፉ። ልያ ደጃፉ ላይ ስትደርስ በዘይቡ ፊት ቆመች።

«እማማ፣ ያውቅ ነበር? ለምን እንደሚለዩት ያውቅ ነበር?»

«የት ያውቃል!» አለች ዘይቡ። «እሑድ እሑድ ሲመለስ ይኩራራብኝ ነበር። ‹የኔን ዳቦ ለብቻዋ ነው የሚጋግሩልኝ፣ እንዴት ቢወዱኝ ነው› ይለኝ ነበር።»

ልያ ከሰልፉ ወጥታ ወደ ጓሮ ዞረችና ጣሳውን ከሚስማሩ አወረደችው።

«ይሄ ምን ያደርግልሻል?» አላት ጠባቂው።

«እስር ቤት ውሃ እጠጣበታለሁ» አለችው፤ እናቷ እንድትሰማ ጮክ ብላ።