ከመቶ ሃያኛው ምት በኋላ

የፊዚክስ መምህሩ ሚሳኤል ቅዳሜ ጠዋት ካላለቀው የትምህርት ቤት ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ወድቆ፣ ጠጠር ክምር ላይ ሞቶ ተገኘ። ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ ገዳዩ ተያዘ ተባለ፤ ዘበኛው ጉተማ ነበር። በከተማው ዳር፣ ለቡ ላይ ነገር ቶሎ ያልቃል፣ በተለይ ተጠርጣሪው ደሀ ከሆነ።

ምክንያትም አልጠፋም። ትምህርት ቤቱ የቆመበት መሬት፣ ከሥሩ እስከ ወንዙ የሚወርደው ሜዳ ጭምር፣ የጉተማ አባት ጤፍ ይዘሩበት የነበረ ማሳ ነው። ዛሬ ጉተማ በዚያው ማሳ ላይ ደሞዝተኛ ነው፤ የቀረችለት አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ናት። ሚሳኤል እሷም ፈርሳ ቤተ ሙከራ እንዲሠራባት አመልክቶ ነበር። ጉተማ በሰው ፊት «እኔ ሳልሞት አትፈርስም» ማለቱን ያልሰማ የለም። ሬሳውንም ያገኘው እሱ፣ ሕንፃው አጠገብ የነበረውም እሱ ብቻ። የሚቀረው መፈረድ ነበር።

ኢንስፔክተር አማከለች ሰኞ ጠዋት መዝገቡን ስትረከብ፣ አለቃዋ የፈለገው ፈርማ እንድትዘጋው ነው። እሷ ግን ሳታነብ አትፈርምም፤ በዚህ ጠባይዋ ሦስት ጊዜ ሹመት አልፏታል። ድምፅዋ ዝቅ ያለ፣ ለማንም የማታዝን፣ ለራሷም የማታዝን ሴት ናት። መዝገቡ ውስጥ ሐኪሙ የጻፈውን ሁለቴ አነበበችው። ሰውየው ወድቆ ወዲያው አልሞተም፤ አሥር ደቂቃ ያህል በሕይወት ቆይቷል። ሳጅን ቸኮልን አስከትላ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄደች።

የቅዳሜውን ነገር አንድ በአንድ ያስረዳቻት የኬሚስትሪ መምህርቷ ሜሪ ናት። ለሳይንስ ቀን ልምምድ ላይ ነበሩ። በሩ አጠገብ ዛፍ ላይ የተሰቀለው አሮጌ የመኪና ቸርኬ የትምህርት ቤቱ ደወል ነው፤ ጉተማ በየሴኮንዱ አንዴ፣ መቶ ሃያ ጊዜ በመዶሻ እንዲመታው ታዘዘ። ጊዜውን እንዳይስት ሚሳኤል ከስልክ ጢቅ ጢቅ የሚል ማዳመጫ ጆሮው ውስጥ ሰካለት። ራሱ ሚሳኤል ከቸርኬው ሠላሳ ሜትር ወደማይርቀው ሕንፃ ወጥቶ፣ ከሜዳው በማይታየው በበሩ በኩል ቆሞ፣ በጨርቅ አውለብልቦ አስጀመረው። ሜሪ ሜዳው መሀል፣ መቶ ሰባ ሜትር ላይ ቆመች። የሒሳብ መምህሩ ወጋየሁ እሷን አልፎ፣ ወንዙ አፋፍ ካለው የባሕር ዛፍ ጉቶ ዘንድ፣ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ላይ እንዲቆም ተላከ።

«ለምን እንዲህ ተራራቃችሁ?» አለች አማከለች።

«መዶሻው ሲያርፍ ማየት ጊዜ አይወስድም። ድምፅ ግን በሴኮንድ ሦስት መቶ አርባ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። እኔ ግማሽ መንገድ ላይ ስለሆንኩ፣ የምሰማው እጁን መልሶ ሲያነሳ ነው። ጉቶው ጋ ያለ ሰው አንድ ሙሉ ሴኮንድ ዘግይቶ ይሰማል።»

«አየሩ ነው ይዞት የሚሄደው?»

ሜሪ በጣቷ ወደ ሕንፃው አሳየቻት። «እዚያ ኮንክሪት ሲሞሉ አይተው ከሆነ፣ ሠራተኞቹ ተሰልፈው ባልዲ ይቀባበላሉ። ባልዲው ፎቅ ይደርሳል፣ ሰዎቹ ግን ከቆሙበት አይነቃነቁም። አየሩም ግፊቱን ይቀባበላል እንጂ ራሱ እስከ ጉቶው አይሄድም። ሞገድ የምንለው እሱን ነው።»

ምቱ ካለቀ በኋላ ሚሳኤል እስኪጠራት አሥር ደቂቃ ያህል ጠበቀች። ከዚያ ጉተማ ጮኸ፤ ሮጣ ደረሰች፤ ወጋየሁ እያለከለከ ከኋላዋ መጣ። ጉተማ ሕንፃው ሥር ብቻውን የቆየበት ያ አሥር ደቂቃ እንደሚያስኰንነው ታውቃለች፣ ግን እውነት ስለሆነ ተናገረችው። ስለ ሟቹ ስትጠየቅ ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። ሚሳኤል ሰው ሲዋረድ ማየት ደስ ይለው ነበር። ጉተማን «ባለርስቱ» እያለ ይጠራዋል። ወጋየሁ መምህራን ክፍል በገባ ቁጥር «ነፍስ ይማር» ይላል፤ ሁሉም ይስቃል፣ ለምን እንደሚሳቅ ግን ማንም አያውቅም። ወጋየሁም አብሮ ይስቅ ነበር።

ወጋየሁ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ አነጋገሩ የተቆጠበ ሰው ነው። ሳይጠየቅ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ድምፁ ሲደርሰኝ ከሚቀጥለው ምት ጋር ይገጥማል» አላት። «ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መቶ ሃያኛው ድረስ መዶሻውና ድምፁ እኩል ነበሩ። ጽፌዋለሁ።»

«መጨረሻ ላይስ?»

«እጁን አወረደ፣ ድምፁም አብሮ ቆመ።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ሒሳብ አይዋሽም፣ ኢንስፔክተር።»

አማከለች ደብተሩን እንድታቆየው ጠይቃ ተቀበለችው። ከሰዓት በኋላ የሟቹን ስልክ ስታገላብጥ፣ ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን የመቃብር ቦታ የተነሳ ፎቶ አገኘች። ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ስም ከመምህራን ፋይል ጋር አመሳከረችው። ያን ሰዓት ግቢው ጥግ ላይ ዶዘር እየሠራ ነበር። ጉተማ ገና ሳይፈረድበት የቆርቆሮ ክፍሉ ተፈርዶባታል፤ ርእሰ መምህሩ አቶ ለታ «ዶዘሩ ዛሬ ስለተገኘ ነው» ብለው አስረዷት። ማክሰኞ ጠዋት ቸኮልን ቸርኬው ዘንድ ትታ ብቻዋን ወደ ጉቶው ወረደች። ሁለት ጊዜ አስመታችው፤ ለምን እንደሆነ አልነገረችውም።

ረቡዕ ሁሉንም ጉቶው ዘንድ ሰበሰበቻቸው፤ ሜሪን፣ ወጋየሁን፣ አቶ ለታን። ጉተማ በቸኮል ታጅቦ ከሩቅ ቸርኬው ሥር ቆሟል፣ እጁ ለዚህ ሲባል ከካቴና ተፈቷል። አሥር ጊዜ እንዲመታ ታዟል።

«መዶሻውን ተመልከቱ» አለች። እጇን አነሳች።

መዶሻው አረፈ፤ ምንም አልተሰማም። ሁለተኛ ሲያርፍ ድምፅ ደረሰ፤ ከዚያ በኋላ እጅና ድምፅ እኩል ሄዱ። በአሥረኛው ጉተማ መዶሻውን መሬት ላይ ጣለው። መዶሻው ወድቆ፣ እጁ ባዶውን ተንጠልጥሎ ሳለ፣ ሜዳውን አቋርጦ አንድ ምት ደረሳቸው። አቶ ለታ ዘወር ብለው ሌላ የሚመታ ሰው ፈለጉ።

«ሌላ ማንም የለም» አለች አማከለች። «የመጀመሪያው ምት ሲያርፍ ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ስለዚህ ብቻውን ይታያል። የመጨረሻው እጁ ካረፈ በኋላ ይደርሳል፣ ስለዚህ ብቻውን ይሰማል። እዚህ የቆመ ሰው ሁለቱን አይረሳም፤ እኔ ትናንት ስሰማው ማን መታ ብዬ ዞሬያለሁ። በመምህር ወጋየሁ ደብተር ላይ ግን ሁለቱም የሉም።»

«አላስተዋልኩት ይሆናል» አለ ወጋየሁ።

«በቃልህም፣ በጽሑፍህም፣ አብሮ ቆመ አልክ።» እርስዎ ማለቷን ትታለች። «ሒሳቡን አስቀድመህ ሠርተህ ጻፍከው። ሒሳቡ መሀሉን በትክክል ነገረህ፤ ሁለቱን ጫፎች የሚነግረው እዚህ መቆም ነው፣ አንተ ደግሞ አልቆምክም። ሜሪ ፊቷ ወደ ቸርኬው፣ አንተ ከጀርባዋ። ጉቶው ሳትደርስ በሜዳው ዳር ባለው የባሕር ዛፍ አጥር ጥግ ጥጉን ተመልሰህ ፎቁ ላይ ወጣህ። ዘበኛው ጆሮው ተደፍኗል፣ ብረት ይመታል፤ ሰው ቢጮኽ አይሰማም ብለህ ነው።»

«እኔ ሚሳኤልን ለምን እገድላለሁ?»

የሟቹን ስልክ አውጥታ ፎቶውን ፊቱ ላይ ያዘችው። ድንጋዩ ላይ የእሱ ስም ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተጽፏል፤ ከሥሩ የሞት ቀን አለ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት።

«ነፍስ ይማር» አለችው።

ወጋየሁ ጉቶው ላይ ተቀመጠ። ሜሪ አፏን በእጇ ያዘች፤ ስንት ጊዜ አብራ እንደሳቀች እያሰበች አፈረች።

የተናገረው ረጅም አልነበረም። ወንድሙ ዲግሪውን በያዘ በወሩ ሞተ። እሱ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ወድቆ ነበር፤ መልካቸው ይመሳሰላል፣ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ከሚበሰብስ ብሎ ወሰደው። አሥራ አንድ ዓመት በሟች ስም አስተማረ። ሚሳኤል ለሌላ ሰው ቀብር ሄዶ የወንድሙን መቃብር አገኘ፤ ዓመት ሙሉ ቦርሳውን አሸከመው፣ ፈተናውን አሳረመው፣ በሰው ፊት ነፍስ ይማር እያለ አሳቀበት።

«በሳይንስ ቀን መድረክ ላይ ፎቶውን ለተማሪዎቼ ሊያሳይ ነበር» አለ። «ትንሣኤ ብሎ ርእስ አውጥቶለታል። ምቱ ገና ሳያልቅ፣ ወደ ታች ጎንበስ ሲል ገፋሁት።»

«ለቃልህ መቀበያ ስምህን ንገረኝ።»

«ኢያቄም» አለ። ለራሱም እንግዳ የሆነ ስም ነበር።

አማከለች ቸኮልን በእጇ ምልክት ጠርታ ካቴናውን ተወችለትና ወደ ጉተማ ወጣች። ነፃ መሆኑን ነገረችው። ቤቱን ጠየቃት፤ መፍረሷን ሳትሸፋፍን ነገረችው። ራሱን ነቀነቀ። እሷ ግን አልሄደችም።

«ምቱ ሳያልቅ ነው የተገፋው፣ አቶ ጉተማ። እርስዎ የጮኹት ምቱ ካለቀ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ነው። ሲወድቅ አይተውታል?»

«ስልሳ ሰባተኛው ላይ ነበር» አለ ጉተማ።

«ማን እንደገፋው አይተዋል?»

«ቀና ብዬ አላየሁም፣ ልጄ። እሱን ነበር የማየው፤ እጁን ወደ እኔ ያንቀሳቅስ ነበር። ብታቋርጥ ከሥራህ ትባረራለህ ብሎኝ ስለነበር መቶ ሃያውን ጨረስኩ። ከዚያ እጁ እስኪቆም ተቀምጬ ጠበቅሁ።»

አማከለች የዘጋችውን መዝገብ ከፍታ ቃሉን እንዳለ ጻፈችው። ስትጨርስ አነበበችለት፣ ከዚያም እንዲፈርምበት ብዕሩን ሰጠችው።