የማሻገሪያው ጠረጴዛ

ደንበኛ ሲከዳት በልቧ ደስ የሚላት ሻጭ ከሚጡ በፊት የነበረች አይመስለኝም። ይህን ለማንም ትንፍሽ አላለችም። አባቷ ቢሰሙ ደማቸው ይፈላ ነበር።

አባቷን ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ይላቸዋል። ሰማያዊ ምልክት ያለበትን ስልክ ብቻ የሚሸጥ ሱቅ አላቸው፤ ግድግዳው ሰማያዊ፣ ወንበሩ ሰማያዊ፣ የሚጡም ቲሸርት ሰማያዊ። ጋሼ ለዚህ ስልክ ያላቸው ፍቅር ልክ አልነበረውም። ፎቶ ላንሳዎት የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ «በምን ስልክ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱ ካልጣማቸው ፊታቸውን ያዞራሉ።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታቸው፣ የተፎካካሪው ኩባንያ ሱቅ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች ብርቱካናማ ነው። የድምፅ ማጉያው ከጠዋት ጀምሮ ያደነቁራል። ጋሼ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩ ዋሉ።

«ይጩኹ» አሉ። «የኔ ደንበኛ የትም አይሄድም።»

በሳምንቱ ሲስተር ሄዱ።

ሲስተር ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ስልክ ሲገዙ ከጋሼ ሌላ ቤት ረግጠው አያውቁም ነበር። ወደ ብርቱካኑ የወሰዳቸው ካሜራው ነው፤ ፊታቸውን ወጣት አድርጎ አሳያቸው። ይህንንም ራሳቸው ናቸው የሚያወሩት። ግን የልጅ ልጆቻቸው ፎቶም፣ የሰዉም ቁጥር በአሮጌው ሰማያዊ ስልክ ውስጥ ቀረ። ከአንዱ ወደ ሌላው ለማሻገር ደግሞ ሁለቱንም ስልክ ማወቅ ይጠይቃል።

ጋሼ ወደ መጋዘን በሄዱበት ሰዓት ብርቱካናማ ቲሸርት የለበሰ ረጅም ልጅ ሲስተርን ክንዳቸውን ደግፎ ከማዶ መጣ።

«ይቅርታ» አላት። «እኔ የእናንተን ስልክ በደንብ አላውቀውም፤ አንቺም የእኛን አታውቂውም። ሁለታችን አብረን ካልተቀመጥን የሲስተር ፎቶ አይሻገርም።»

«ደንበኛዬን ወስደህ፣ ጭራሽ አግዢኝ ልትለኝ መጣህ?»

«አዎ» አለ። አላፈረም፤ ዓይኑንም አልሰበረም።

ሲስተር ወንበር ስበው ተቀመጡ። «የከዳሁሽ እኔ ነኝ፤ ከፈለግሽ እኔን ተቆጪኝ። ፎቶዎቼ ግን ምን አጠፉ?»

ሚጡ ሳቋ አመለጣት። ሁለቱን ስልኮች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጡ፤ እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ። ቁጥሩ ከአንድ በመቶ ተነስቶ እየተጎተተ ይወጣል። እስኪሞላ ድረስ ከማውራት ሌላ ሥራ የለም።

«እናቴ የያዘችው የእናንተን ስልክ ነው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አለቃዬ እንዳይሰማ።»

«ለምን አላስቀየርካትም?»

«ሞክሬያለሁ። ልጄን ልቀይር እችላለሁ፣ ስልኬን ግን አልቀይርም አለችኝ።»

ከዚያ ወዲህ ሰዉ መሻገር አበዛ። ብርቱካኑ አልስማማው ብሎ ወደ ሰማያዊው የሚመጣም ነበር፤ የሚበዛው ግን ወደ ማዶ ሄደ። ሰው በተሻገረ ቁጥር ሁለቱ ያቺ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ሚጡ ልጁን «ብርቱካን» ማለት ጀመረች። ደንበኛ «ስልክ ልቀይር አስቤ ነበር» ሲላት እጇ ሳታስበው ወደ ፀጉሯ ይሄዳል። የሚሄደውንም አታኮርፍም፤ አዲሱን ስልክ አለማምዳ፣ «ከተቸገሩ ብቅ ይበሉ» ብላ እስከ በር ትሸኘዋለች።

አንድ ከሰዓት ሲስተር የእህታቸውን ስልክ ይዘው መጥተው ሳለ ጋሼ ሳይታሰብ ከመጋዘን ተመለሱ። ሁለቱ ስልኮች መብራታቸው ጠፍቷል። ሚጡና ብርቱካን ግን አገጫቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ምንም ሳይነጋገሩ ይተያያሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሼ።

«ፎቶ እየተሻገረ ነው» አለች ሚጡ። ድምፅዋ ቀጠነ።

ጋሼ ጎንበስ ብለው ስልኮቹን ነካ ነካ አደረጉ። «ይሄ እኮ ጨርሷል።»

«እሱማ ድሮ ጨረሰ» አሉ ሲስተር። «ያልጨረሱት እነሱ ናቸው።»

ብርቱካን ብድግ አለ። «ጋሼ፣ ልደብቅዎት አልችልም። ልጅዎን እወዳታለሁ።»

ጋሼ ደንበኛ ወደጠፋበት በራቸው፣ ከዚያ ወደ ብርቱካናማው ቲሸርት ተመለከቱ። «ደንበኛዬን የወሰደ ልጄን አይወስድም» አሉ። «ውጣልኝ።»

ሚጡ ያን ዕለት «እኔም እወደዋለሁ፣ አባዬ» አለቻቸው። እሳቸው ግን «አንቺም ከከዳሽኝ ማን ቀረኝ?» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። ብርቱካንን ከልቧ ትፈልገዋለች፤ አባቷን አስለቅሳ ግን ጎጆ እንደማትወጣ ራሷን ታውቃለች። ብርቱካንም መንገዱን መሻገር ተወ። በሁለት መስታወት መካከል ይተያያሉ፤ መኪና ያልፋል፤ እንደገና ይተያያሉ። የሚጡ ሆድ ሲባባ መስታወት ትወለውላለች፤ ያ መስታወት እንደዚያ ሰሞን ጠርቶ አያውቅም።

ከዚያ መሰላል የያዙ ሰዎች መጡ። ሰማያዊው ኩባንያ በትልቁ የገበያ ማዕከል የራሱን ሱቅ ሊከፍት ስለሆነ ከእንግዲህ ትንንሽ ሱቆች አያስፈልጉትም።

«ትእዛዙ ከላይ ነው» አሉ ሰዎቹ። ያልተሸጡትን ስልኮች ጭነው፣ ምልክቱንም ከግድግዳው ነቅለው ሄዱ።

ጋሼ ባዶው መደርደሪያ ሥር ተቀመጡ። «አንድ ቀን እንኳ ከድቻቸው አላውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ነገ ቁልፉን ለአከራዩ እመልሳለሁ።»

ሚጡ አባቷን እንደዚያ አይታቸው አታውቅም። ተነሳችና ወጣች። መንገዱን ተሻገረች፤ ብርቱካኑ ቤት እግሯን ስታስገባ የመጀመሪያዋ ነው። ሰማያዊ ቲሸርቷን ያየ ሁሉ ወሬውን አቆመ። ቀጥ ብላ ወደ ብርቱካን ሄደች።

«ነገ ሱቃችንን እከፍታለሁ» አለችው። «ስልክ አልሸጥም። የማንም ስልክ ይሁን፣ ምንም ይሁን ቀለሙ፣ አሻግራለሁ፤ ለተቸገረ አሳያለሁ። ግን ብቻዬን አልችለውም።»

«ደመወዝ አለው?»

«ለጊዜው የለውም።»

«ምሳስ?»

«ከኔ ትካፈላለህ።»

አለቃው ከኋላ ጣልቃ ገባ። «የነገው ሥራህ ተነግሮሃል እኮ። የነዚያ ሱቅ ተዘግቷል፤ በራቸው ላይ ቆመህ ደንበኞቻቸውን ወደዚህ ትጠራለህ።»

«በራቸው ላይስ እቆማለሁ» አለ ብርቱካን። የሥራ መታወቂያውን ከአንገቱ አውልቆ አለቃው እጅ ላይ አኖረለትና ስልኩን አወጣ። ከሚጡ ጋር ላሻገራቸው ሰዎች በሙሉ እየደወለ ወጣ።

በማግስቱ ጋሼ ቁልፉን ሊመልሱ ሲመጡ በሩ በሚጡ ትርፍ ቁልፍ ተከፍቶ አገኙት። ሚጡ ጠረጴዛዋን ከበሩ አጠገብ አውጥታ ተቀምጣለች። ብርቱካን ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መንገዱ ማዶ ነው፤ በሌላ ቀለም ስታየው የመጀመሪያዋ ስለሆነ ሚጡ ዓይኗን መንቀል አቃታት። ደግመው ስልክ የቀየሩትን ሲስተርን ክንዳቸውን ደግፎ አሻገረ። ተመልሶ ልብስ ሰፊውን አመጣ። ከዚያ የታክሲ ሾፌሩን፣ ከዚያ የባንኳን ገንዘብ ያዥ ከነባሏ። ወረፋው በሩን አልፎ መንገድ ላይ ወጣ።

«ስልኬ እንጂ እኔ መቼ ሄድኩ፣ ጋሼ?» አለ ልብስ ሰፊው። «ሲቸግረኝ የምመጣው እዚሁ ልጅዎ ጋ ነው።»

ጋሼ ቁልፉን ከኪሳቸው አወጡት፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት።

«አንተ ልጅ» አሉ። ብርቱካን ቆመ። «ደንበኛዬን የወሰደ ልጄን አይወስድም ብዬህ ነበር።»

«ብለውኛል፣ ጋሼ።»

ጋሼ ወረፋውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አዩት።

«መልሰሃል።»

«እና?» አለች ሚጡ።

«ምን እና አለው። የወሰደውን ከመለሰ ቃሌም ተነሳ ማለት ነው። ይውሰድሽ።» ቆም አሉና፣ «ግን የትም እንዳይወስድሽ፤ እዚሁ ነው የምትሠሩት» አሉ።

ሚጡ ጠረጴዛውን ዞራ አባቷ አንገት ላይ ተጠመጠመች። ደስታዋን መያዣ አጣች፤ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ የወረፋው ሰው ሲያጨበጭብላት ደግሞ አፈረች። ብርቱካን ጎንበስ ብሎ የጋሼን ትከሻ ሳመ።

«እኔ ግን ስልኬን አልቀይርም» አሉት ጋሼ።

«ማን ጠየቀዎት፣ ጋሼ?»

ሁለቱ ወደ ጠረጴዛዋ ተመለሱ፤ እሷ በዚህ፣ እሱ በዚያ። ጥቂት ቆይተው ሲስተር አንገታቸውን አሰገጉ። «ኧረ የኔ ስልክ ጨረሰ?»

ሚጡና ብርቱካን ዓይን ለዓይን ይተያያሉ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው መብራቱ የጠፋውን ስልክ አነሱና ለሲስተር ሰጧቸው።

«የእርስዎ ጨርሷል» አሉ። «እነሱ ገና ናቸው።»

ከዚያ ወንበር ስበው ከልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና ተረኛውን ጠሩ።