ከአምባዛው ሆድ የወጣው ሽቶ

ውሸት ቢሆን እኔም ደስ ባለኝ ነበር። ግን እዚህ ቻናል ላይ ከጻፍኩት ሁሉ ቆሜ በዓይኔ ያየሁት ይሄኛውን ነው...

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም አልነበረም። ሐይቅ፣ ከእስጢፋኖስ ገዳም ወዲህ ባለው የውሃ ዳር፣ ፀሐይ አናት በምትበሳበት በስድስት ሰዓት ነው የጀመረው።

የደረሰው በጎረቤቴ በፋና ላይ ነው።

ፋናን ሐይቅ ዳር የማያውቃት የለም። አጥማጆቹ ያወጡትን ዓሣ ቅርፊቱን የምታራግፈው፣ ሆዱን ቀዳ የምታጸዳው እሷ ናት። እጇ ፈጣን ነው። መልኳም ቢሆን እንከን አይወጣለትም።

ችግሯ ሽታው ነበር።

በሎሚ ብትታሽ፣ በአመድ ብትፈትገው አይለቅም። ባጃጅ ስትሳፈር ሰው ሁሉ ፊቱን ወደ ውጭ ያዞራል። ሽቶም ሞክራለች። ከሱቅ የገዛችው ሁሉ ከዓሣው ጋር ይደባለቅና ጭራሽ የባሰ ነገር ይሆናል። የሰፈር ልጆች «ሽቶ የተቀባች ቆሮሶ ዓሣ» እያሉ ይስቁባት ነበር።

ይሄን ሁሉ ችላው ኖራለች። ያልቻለችው የእትዬ ወይኒቱን ነው።

እትዬ ወይኒቱ የእጮኛዋ የምስክር እናት ናቸው። የአምባሰል ሴት፣ የጨዋ ዘር ነኝ ባይ፣ ምላሳቸው ከፋና ቢላዋ የተሳለ። መጀመሪያ ሊያዩዋት የመጡ ቀን ገና ከበሩ ላይ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጣል አደረጉና ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ሚስት አምጣ አልኩህ እንጂ የጾም ወጥ አምጣ አልኩህ?»

ቁጭ እንኳ ሳይሉ ተመለሱ። እኔ ስደርስ ፋና ጓሮ ተቀምጣ ክንዷን በድንጋይ ትፈትጋለች። ደም በደም ሆናለች። ደሟ ቀይ ነበር... ይሄን ያዙልኝ።

ምስክር ስንት ሽማግሌ አስለምኖ እናትየው ሁለተኛ ሊያዩዋት እሺ አሉ። እሑድ፣ ቀትር ላይ። አሁንም ካልወደዷት ነገሩ አበቃ። ምስክር የእናቱን ቃል የሚሽር ልጅ አይደለም፤ ፋናም ይሄን አሳምራ ታውቃለች።

ዓርብ ዕለት አንድ ትልቅ አምባዛ ተያዘ።

ፋና ሆዱን ስትቀደው ቢላዋው ጠጣር ነገር ነካ። ጣቷን ሰደደችና ሳበችው። ጠርሙስ ናት። አውራ ጣት የምታህል፣ አፏ በሰም የተደፈነ፣ ውስጧ አረንጓዴ ፈሳሽ ያለባት።

ጋሽ እንድሪስ አዩባት። በዚያ ውሃ ላይ ያረጁ አጥማጅ ናቸው። አጥማጆቹ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም የሚጠብቀው ነገር አለ፤ ከዓሣ ሆድ የወጣ ባዕድ ነገር፣ ወርቅም ይሁን ሚስማር፣ ለውሃው ጀርባ ተሰጥቶ ወደ ኋላ ይወረወራል እንጂ ቤት አይገባም።

«መልሽው ልጄ» አሏት።

ፋና ጀርባዋን ለውሃው ሰጠች። እጇን ወደ ኋላ ወረወረች።

ጭልቅ... አለ።

«መለስሽ?»

«መለስኩ።»

የወረወረችው ጠጠር ነበር። ጠርሙሷ ጡቶቿ መሃል ነበረች።

ቤቷ ገብታ ሰሙን ስትከፍተው አጠገቧ ነበርኩ። አንገቷን ነካ ነካ አደረገችና «ሳሪ፣ እስኪ አሽትቺኝ» አለችኝ።

መጀመሪያ አሁን የተቀነጠሰ ቅጠል ሸተተኝ። ቀጥሎ ወተት ወተት የሚል ነገር። ከዚያ... ሾላ። ከዛፉ ሥር ወድቆ ፀሐይ የሞቀው፣ የበሰለ ሾላ። ብዙ ሽቶ አሽትቻለሁ፤ ሰው ሊቀባው የሚገባ ሽቶ ግን ያን ቀን ነው ያገኘሁት ብል አላጋነንኩም።

ዓሣው የለም። አፍንጫዬን አንገቷ ውስጥ ቀብሬ ፈለግኩት። የለም።

ፋና አለቀሰች። ደስታ ሰውን እንዲያ ሲያስለቅስ አይቼ አላውቅም።

ቅዳሜ ሥራዋ ላይ ናት። ዓሣ ፍለጋ ከእግሯ ሥር የማትጠፋው ድመት ብቅ አለችና አየቻት... ጀርባዋን ቀስራ በመጣችበት ተመለሰች።

ክንዷ ላይ ደግሞ ጥቋቁር ትንኞች አረፉ። አይነክሷትም። ቆዳዋ ላይ ቀስ ብለው ይሄዳሉ። መግቢያ የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ከዚያ ቢላዋው አዳለጣትና አውራ ጣቷን ቆረጣት።

ደም አልወጣም።

ነጭ ወተት ነው የወጣው። ወፍራም፣ የሚያጣብቅ፣ የሾላ ቅርንጫፍ ሲቆረጥ የሚወጣው ዓይነት።

ጋሽ እንድሪስ መረባቸውን ጥለው አጠገቧ ቁጢጥ አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጠጠር ነበር አይደል?»

አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠቀለለችው።

«አሁኑኑ መልሽው። ሽታሽም ይመለሳል፣ ደምሽም ይመለሳል።»

«ከእሑድ በኋላ ጋሼ...»

«የሾላን ውስጥ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

እኛ አገር ሾላ የለቀመ ሁሉ ያውቀዋል። ላዩ ያማረ፣ የቀላ ነው። ሲከፈት ትንኝ ነው።

እሑድ ጠዋት ከሌላው ቀን አብልጣ ተቀባች። ክንዷን ስነካው ለሰለሰኝ። የጣቴ ምልክት ጎድጉዶ ቀረ፣ ቶሎም አልሞላም። አየችው... እጅጌዋን ሳበችበት።

እትዬ ወይኒቱ ልክ በቀትር መጡ። ነጠላቸው አፍንጫቸው ላይ ተዘጋጅቶ ነው የመጡት።

በሩ ላይ ቆሙ። አንዴ ሳቡ። ደግመው ሳቡ። ነጠላው ቀስ እያለ ወረደ።

«የኔ ልጅ» አሉ። ጉንጯን አገላብጠው ሳሟት። ፊታቸው ፈታ አለ፣ በሕፃንነታቸው አምባሰል ሾላ ሥር ሲጫወቱ የነበረውን ሁሉ አንስተው አወሩ። ምስክር ከደስታው ብዛት መቀመጫ ጠፋው። ወደ ውጭ ወጥቶ ለጓደኞቹ ስልክ መደወል ጀመረ።

ፋና ልታስታጥባቸው ቀረበች። ከሥር ሳፋውን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሁሉን አይቻለሁ።

እትዬ ወይኒቱ የእጇን አንጓ ያዙ። ሊያሸቱት ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና፣ ገበያ ላይ ፍሬ እንደሚመርጥ ሰው፣ በአውራ ጣታቸው ጫን አሉት።

ጣታቸው ገባ።

ቆዳዋ ድምፅ ሳያሰማ ተሰነጠቀ። ፋናን አላመማትም። ከስንጥቁ ውስጥ አንድ ትንኝ ወጣ። ከዚያ ብዙ...

እትዬ ወይኒቱ ይጮሃሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጮሁም። ወደ በሩ ገልመጥ አሉ፤ ልጃቸው ስልክ ላይ ነው። ነጠላቸውን ጫፉን ቀደዱና አንጓዋን ጥብቅ አድርገው አሰሩት።

«ዝም በይ» አሉ በሹክሹክታ።

«እማማ... ሽቶውን ለውሃው ብመልሰው እድናለሁ። ጋሽ እንድሪስ ነግረውኛል። ግን የዓሣው ሽታ...»

«አትመልሽም።»

«እማማ...»

«ሾላ በድፍኑ ነው ልጄ። እኔ ያልቻልኩት ሽታሽን ነበር።»

ከዚያ ምስክርን ጠሩና፣ ሰፈር በሚሰማው ድምፅ፣ ወደድኳት አሉት።

እኔ የፋናን ፊት እያየሁ ነበር። ትፈራለች ብዬ... ታለቅሳለች ብዬ።

እግዜር ያሳያችሁ፣ ፈነደቀች።

ሲሄዱ ለመንኳት። ጠርሙሷን ነጥቄ ወደ ውሃው ልሮጥ እጇን ያዝኩ። ከዚያ በላይ መታገል ፈራሁ፤ እጇ በእጄ ይቀራል ብዬ። እሷ ግን ፈገግ እያለች አንድ ነገር ብቻ ትደጋግማለች።

«ልጄ ብለውኛል እኮ ሳሪ... ልጄ ብለውኛል።»

ተጋቡ። አምባሰል ወሰዷት።

ክረምቱ ሲወጣ ልጠይቃት ሄድኩ። ሽታዋ ከአጥሩ ውጭ ተቀበለኝ። ጎረቤቶቹ የእነምስክር ግቢ ሾላ የተተከለበት ይመስል አላፊ አግዳሚው ቆሞ እንደሚያሸት ነገሩኝ። እትዬ ወይኒቱ በምራታቸው ሲኩራሩ ለጉድ ነው። ፀሐይ ስለማትወድ ከጓዳ አትወጣም አሉኝ። ምስክር ደጃፉ ላይ ተቀምጧል፤ ከስቷል፣ ሰላም ስለው ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ።

ቀትር ነው። በመስኮቱ የምትገባው ፀሐይ እግሯ ላይ አርፋለች። እስከ አገጯ ተከናንባለች። መልኳ ያው ነው፣ እንዲያውም ቀላ ብሏል።

አቀፍኳት። ባዶ ቅል ያቀፍኩ ያህል ቀለለችኝ።

ከውስጧ ዝም የማይል ድምፅ ይሰማል። ዝዝዝዝ...

ከንፈሯን ጆሮዬ ላይ አስጠጋች።

«እስኪ አሽትቺኝ... አሁንም ዓሣ ዓሣ እላለሁ?»

«አትይም» አልኳት። እውነቴን ነው።

ፈገግ አለች። ያን ጊዜ ከዓይኗ ጥግ አንድ ትንኝ ወጣ። ሽፋሽፍቷ ላይ ቆሞ ክንፉን አራገፈና በረረ።

ፋና ዓይኗን አላርገበገበችም።

ከኋላው ሌላው ተራውን እየጠበቀ ነበር።