የብሉማ ጠባቂ

ጊሴላ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የጭድ ፍራሿን አውጥታ ከግድግዳ ጋር ትደበድባለች፤ ቀዩ የጡብ ብናኝ እንደ ጉም ይነሳና ተመልሶ እሷው ላይ ይወርዳል። ቦታው ድሮ ጡብ ፋብሪካ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ የአገሩ ባለቤቶች ፈረንሳዮቹ ዙሪያውን በሽቦ አጠሩና ከናዚ ሸሽተው የመጡ አይሁድ ሴቶችን አጎሩበት። ጊሴላ የቪየና ደራሲ ነበረች። እዚያ መጽሐፎቿን አደባባይ ላይ አቃጠሉባት፤ እዚህ ቀለምና ወረቀቷን ቀሟት። «አፌንስ ምን ሊያደርጉት ነው?» ትልና የተቃጠለውን ልብ ወለዷን ማታ ማታ ለሴቶቹ በቃሏ ታወራላቸዋለች።

ልብስ ሰፊዋ አሮጊት ብሉማ ስለ ልብ ወለዱ ሁልጊዜ ትሟገታታለች።

«ያቺን ባልቴት ለምን ገደልሻት? ምን በደለችሽ?»

«ወይዘሮ ብሉማ፣ እኔ አይደለሁም፤ ሳንባዋ ነው።»

«ሳንባዋን የሰጠሻት ማን ሆነና!»

ነሐሴ ላይ ብሉማን ተስቦ ገደላት። ቀባሪው እስኪመጣ ተብሎ ሬሳዋን እሳት ካየ ዓመታት ያለፉት የጡብ መተኮሻ ምድጃ ውስጥ አጋደሟት። በአይሁድ ልማድ ሬሳ እስኪቀበር ለብቻው አይተውም፤ አንድ ሰው አጠገቡ ተቀምጦ ዳዊት ይደግማል። ጊሴላ ምኩራብ ከረገጠች ዘመን አልፏል፣ ዳዊትም አታውቅ። ቢሆንም ሄዳ ተቀመጠች።

«ሞታለች እኮ! ምን ትፈራለች ብለሽ ነው?» አላት ዘበኛው ጋስቶን፣ ተስቦውን ፈርቶ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ፣ ከሩቅ።

«እሷ አትፈራም። እኛ ግን የኛን ሰው ጥለን አንሄድም፤ በቃ።»

መተኮሻው እንደ ዋሻ ረጅም ነው፤ በሩ አጠገብ ትንሽ ብርሃን አለ፣ ከዚያ ወዲያ የጨለማው መጨረሻ አይታይም፣ ከውስጡም የረጠበ ሸክላና አንድ ሌላ ነገር፣ ገና አሁን የጠፋ እሳት የመሰለ ነገር ይሸታል። ጊሴላ ጀርባዋን ብታስደግፍ ግድግዳው ሞቀ። «ፀሐይ ነው» አለች፤ ፀሐይ ግን እዚያ አይደርስም። ዳዊት ባይኖራት ልብ ወለዷን ጀመረችላት። ባልቴቷ የምትሞትበት ላይ ስትደርስ ቆም አለችና፣ «እሺ ወይዘሮ ብሉማ፣ ተርፋለች» አለች። ጨለማው ውስጥ፣ ከወደ ጥጉ፣ ብዙ ሰው ባንድነት እፎይ ያለ መሰለ።

ጊሴላ ወደዚያው ዞር ብላ አየች። ግን አልተነሳችም።

ቀትር ላይ የጭነት መኪኖች መጡ። ወጣቷ ሄርሚና እየሮጠች በሩ ላይ ደረሰች።

«ጊሴላ፣ ሁላችንንም ወደ ምሥራቅ ለሥራ ሊወስዱን ነው። ነይ፣ ካላየሁሽ ልቤ አያርፍም!»

«እነሱ ና ሲሉ የሚመጣ ሌላ ይፈልጉ። እሷ ሳትቀበር አልነቃነቅም።»

«ግትር! እንግዲያው ስመለስ እኔ እተካሻለሁ» አለችና ጉንጯን ስማት ሄደች።

ጋስቶን ተስቦውን ፈርቶ ሊያወጣት አልገባም፤ በረጅም እንጨት የብረቱን በር ገፍቶ ዘጋውና ከውጭ ቀረቀረው። መኪኖቹ ተነሱ፤ ጩኸታቸው ከኮረብታው ማዶ ጠፋ። ጊሴላ ወሬዋን አላቋረጠችም። ጉሮሮዋ ደረቀ፣ ግድግዳው እንደ ምጣድ ጋለ፣ በበሩ ስንጥቅ የሚገባው ብርሃን ወደ ቀይነት ዞረ። አመሻሹ ላይ ኮቴ ሰማች፤ በተቀረቀረው በር በኩል ሳይሆን ከጨለማው ጥግ፣ ባዶ እግር፣ ብዙ፣ የማይቸኩል።

«ማንም ሁኑ ማን!» ብላ ጮኸች። «አልነሳም! ከፈለጋችሁ ቁጭ ብላችሁ ስሙ!»

ከፊት የመጣችው ሄርሚና ነበረች፤ ከኋላዋ ደግሞ ሴቶቹ ሁሉ፣ ጠዋት የነበሩት አንዷም ሳትቀር።

«ልትተኪኝ መጣሽ?» አለች ጊሴላ፣ ቦታዋን እየለቀቀችላት።

ሄርሚና ግን አልተቀመጠችም፤ ከብሉማ ጎን እንደ ሬሳ በጀርባዋ ተጋደመች፣ ሌሎቹም ተራ በተራ ከጎኗ ተጋደሙ፣ ዐይናቸውንም ጨፍነው ጊሴላ ወሬዋን እስክትቀጥል ጠበቁ።