ዕረፍት ያልነበረው ዙር

ፈርጉስ ኬልሶ የሞተው ቁልፍ ከሌለው በር ኋላ ነው። ላስ ቬጋስ አጠገብ ባለችው ኢንተርፕራይዝ፣ የቦክስ ቡድኑ በተከራየው ቤት ጋራዥ ጥግ፣ ቦክሰኛ ክብደት ለመቀነስ በማሞቂያ ላቡን የሚያወጣባት ከጣውላ የተሠራች ጠባብ ክፍል አለች። ሽማግሌው አሠልጣኝ ወለሏ ላይ ተዘርግቷል። በሯ ወደ ውስጥ የሚከፈት ሲሆን ክብ እጀታውን ማዞር ብቻ ይበቃል።

«ልቡ ነው። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው» አለ ጋራዡን የሚጠብቀው ፖሊስ።

የካውንቲው መርማሪ ብርቅታይት ማስኳን አስተካክላ ተንበረከከች። እዚህ ሥራ ከመግባቷ በፊት ዘጠኝ ዓመት ካዚኖ ውስጥ በካሜራ የቁማርተኞችን እጅ ስትከታተል ኖራለች። ሰው ፊቱን ይቆጣጠራል፣ እጁን ግን ይረሳዋል ብላ ታምናለች፤ ስለዚህ ፊቱን አልፋ እጁን አየች። የኬልሶ ገላ በሙቀት ቀልቷል። እጆቹ ግን ነጥተውና ተጨማደው ቀኑን ሙሉ ልብስ ሲያጥብ የዋለ ሰው እጅ መስለዋል። በሁለቱም እጆች ጀርባ ላይ የፋሻ ሽመና ኤክስ ሠርቶ ታትሟል። በጣቶቹ መካከል ምንም ምልክት የለም። ፎቶ አነሳች። ከዚያ የበሩን የውስጥ ገጽ ስታይ በደረት ቁመት ላይ ክብ ክብ ቀይ እድፍ አገኘች። ጋራዡ ግድግዳ ላይ የተሰቀሉት ጓንቶች ቀይ ናቸው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ታኅሣሥ 2020፣ የኮሮና ወቅት ነው። ቅዳሜ ለሚደረገው የሻምፒዮና ግጥሚያ ሲባል የቤቱ ሰዎች ለአሥር ቀን ደጅ አልወጡም። የውጭ በሮቹን ካሜራ ይጠብቃቸዋል፤ ሰው አልገባም፣ አልወጣም። ገዳይ ካለ በቤቱ ከቀሩት አራት ሰዎች አንዱ ነው፤ አራቱም ደግሞ ይህን ስለሚያውቁ ምሳቸውን ተራርቀው በልተዋል።

መጀመሪያ ረዳት አሠልጣኙን ኪዳኔን ጠራችው።

«ሰውዬው ማን ነበር?»

«የዓለም ሻምፒዮን ነበር እኮ። ዳንዲ፣ ስኮትላንድ ነው ያደገው። በሃያ አራት ዓመቱ ቀበቶውን ወሰደ፣ በሃያ ስምንቱ ግራ ዓይኑ ጠፋ። ሐኪሙ ቀደም ብሎ ለማናጀሩ ነግሮት ነበር፤ ማናጀሩ ፋይቱ እንዳይቀር ብሎ ደበቀው። ኮች ሁሌ ‹ዓይኔን የወሰደው ቡጢ አይደለም፣ ዝም ያለ ሰው ነው› ይላል። ከዚያ ቬጋስ መጥቶ ሠላሳ ዓመት አሠለጠነ።»

«የኬልሶን እጅ ማን ነው በፋሻ የሚጠቀልለው?»

ኪዳኔ ጥያቄው ገረመው። «የፋይት ሳምንት ሲሆን ከአብሳይዋ በቀር ሁላችንም። ደንቡ ነው። ተራ በተራ ጠቅልለን ጓንት እናጠልቅለታለን፣ በፕላስተር እናሽገዋለን፣ እሱ ጋራዡ ውስጥ የተሰቀለውን የቡጢ ከረጢት መትቶ ይፈትነዋል። ካልለበስከው አታውቀውም ይላል። ዛሬ የማን ተራ እንደሆነ አላውቅም።»

ምግብ አብሳይዋ ስሜነሽ ስታለቅስ ስለዋለች ዓይኗ አብጧል።

«ሲመታ ሰምቼው ነበር፣ እህቴ። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ። እንቁላል የምቀቅለው በሱ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ይመታል፣ አንድ ደቂቃ ያርፋል። ሁለት ዙር ሲጨርስ አወጣለሁ። ዛሬ ግን ዕረፍቱን ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። እንቁላሉ ድንጋይ ሆነ።»

«ይጮህ ነበር?»

«ሲመታ ሁሌ ይጮሃል።» መሀረቧን ጨመቀች። «ሌላም አለ። ሰኞ ቦክሰኛው ማቲ ጁሱን ከብርጭቆው ጎን ሲቀዳ አየሁት። ለኮች ነገርኩት።»

ቦክሰኛው ማቲያስ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እዚሁ ቬጋስ ተወልዶ ያደገ። ብርቅታይት ስታናግረው እስክሪብቶዋን በቀኙ በኩል ከፍ አደረገች። ዞር አላለም።

«ፋይቱ ካንሰል አይሆንም፣ ራይት?» አላት። «አጎቴ ለዚህ ነው ሙሉ ላይፉን የሠራው።»

አጎቱ ይልማ የቡድኑ ማናጀር ነው። አባቱ ሲሞት ማቲያስን ተቀብሎ ያሳደገው እሱ ነው።

«ጠዋት የት ነበሩ፣ ጋሽ ይልማ?»

«ተኝቼ ነበር፣ ልጄ።»

የሟቹን ስልክ ከፈተች። ማክሰኞ ወደ ቦክስ ኮሚሽኑ ሐኪም ደውሏል፤ ለዛሬ ጠዋት ሦስት ሰዓት የስልክ ቀጠሮ ተይዟል። ስለምን እንደሆነ ሐኪሙም አያውቅም። ቅዳሜ እስኪደርስ የቀሩት ሦስት ቀናት ናቸው፤ እውነቱ ካልወጣ ልጁ በዚያ በማያይ ዓይኑ ሪንግ ሊገባ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰበቻቸው፤ ፋሻና ፕላስተርም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ቦክስ አላውቅም። እጅ እንዴት እንደሚጠቀለል አሳዩኝ» ብላ እጇን ዘረጋች።

ኪዳኔ ፋሻውን በየጣቶቿ መካከል እያሳለፈ ጠቀለለላት። ማቲያስም እንደዚያው አደረገ። ስሜነሽ የማውቀው ቁስል ማሰር ብቻ ነው አለች። ይልማ ጣቶቿ መካከል ሳይገባ አውራ ጣቷን ዞሮ በእጇ ጀርባ ላይ ኤክስ ሠራና ቶሎ ጨረሰ።

«የት ተማሩት?»

«ድሮ፣ አዲስ አበባ ክለብ እያለሁ። ኮች በዚህ ሁሌ ይቆጣኛል...» አለና ቀጥ አለ።

ብርቅታይት ፎቶውን አጠገቡ አስቀመጠችው።

«ሃምሳ ዓመት በየሦስት ደቂቃው ያረፈ ሰው ዛሬ አላረፈም። ሲመታ የነበረው ከረጢቱን አይደለም፣ በሩን ነው። በታሸገ ጓንት ክብ እጀታ አይዞርም፤ ስልክም አይነካም። እጁን ፈተና ነው ብለው ጠቀለሉለት፣ አንድ ነገር እይልኝ ብለው አስገቡት፣ በሩን ሳቡት። ማሞቂያው የሚከፈተው ከውጭ ነው። ሲሞት ጓንቱን ፈቱት፣ ፋሻውን ጣሉት፤ ቆዳው ላይ የታተመውን ግን አላዩትም።»

ይልማ ፎቶውን እንጂ ሰው አላየም።

«ልገድለው አልነበረም» አለ በመጨረሻ። «ትናንት ስለ ማቲ ዓይን ለሐኪሙ እነግራለሁ አለኝ። በበሩ በኩል ለመንኩት። ‹ለሐኪሙ አልነግርም በለኝ፣ አሁኑኑ እከፍታለሁ› አልኩት። ቶሎ እሺ እንዲል ሙቀቱን ጨመርኩ። ዝም ብሎ እሺ ቢል እኮ ይወጣ ነበር።»

«አንዴ ዝም ባለ ሰው ዓይኑን አጥቷል» አለች ብርቅታይት። «ይህን ከሁላችንም በላይ እርስዎ ያውቃሉ።»

«ማቲ፣ ለአንተ ብዬ ነው» አለ ይልማ፤ ሊነካው እጁን ዘረጋ። ማቲያስ እጁ በቀኙ በኩል ስለመጣ አላየውም፤ ሲነካው ደንግጦ ተነሣ።

«ሰምቼው ነበር» አለ ማቲያስ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቼዋለሁ። ቱደይ ኮች ስትሮንግ ነው አልኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።»

ፖሊሱ ይልማን ይዞ ሲወጣ የውጭው በር በአሥር ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወለል ብሎ ተከፈተ። ማቲያስ አልወጣም። የኬልሶን ስልክ ለመነና የሐኪሙን ቁጥር ነካ።

«ማቲያስ ነኝ» አለ። «ኮች ጠዋት ሊደውልልህ ነበር። ስለ ቀኝ ዓይኔ ነው።»