ውኃው የቆመበት ጓዳ

በአርጌኖን መንግሥት ባሕሩን በአካሉ ገድቦ ከተማይቱን የሚጠብቀው ታላቁ ዘንዶ ሐመልኤል፣ አንድ ማለዳ ንግሥት ዜርማን አይቶ «አንቺ ማነሽ?» አላት። ሕዝቡ ተሸበረ፤ ዘንዶው ራሱን ከሳተ ማዕበሉን የሚመልስ የለምና። «መርዞታል» ተብሎ ጣት ሁሉ ወደ አንድ ሰው ተቀሰረ፤ ዘንዶውን ሲያክም ወዳረጀው ባለመድኃኒት፣ ወደ ጎርማን።

ንግሥቲቱ ወጣቷን ሰይፈኛ ሳሬዛን አስጠራች።

«ጎርማን በዘንዶው ጆሮ ገብቼ ደዌውን ልፈውስ ይላል። አብረሽው ውረጂ። በአባትሽ አጥንት ማዪልኝ፤ ክዳት ያየሽበት እንደሆነ ሰይፍሽ አይዘግይ።»

ሳሬዛም ማለች።

በጆሮው ዋሻ ወርደው በራስ ቅሉ ውስጥ ካሉት ጓዳዎች ደረሱ። በመጀመሪያው ጓዳ እንደ ምንጭ የጠራ ውኃ ይፈስሳል፤ ግድግዳውን የሸፈኑት ሽፋሽፍት የመሰሉ ፀጉሮች ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ በአንድነት ይዘናፈላሉ።

«ውኃውን ከሚነዱት ዋነኞቹ እነዚህ ናቸው» አለ ጎርማን። «ውኃው የአንጎሉን ጉድፍ ያጥባል፤ መልእክትም ያደርሳል። እሱ ከቆመ ሐሳቡም ይደነዝዛል።»

ነገሩ ሳሬዛን አልጣማትም። ብዙ የሚያውቅ ብዙ ማበላሸትም ይችላል። እጇ ከሰይፏ እጀታ አልተላቀቀም።

በመጨረሻው ጓዳ ፀጉሮቹ ተኝተዋል። የውኃው መውጫ የሆነው ጠባብ ቦይ በነጭ ዝቃጭ ተደፍኖ፣ ውኃው ተጠራቅሞ ግድግዳውን ወጥሮታል። ጎርማን ወገቡን በገመድ አስሮ ጫፉን አስያዛት።

«ፀጉሮቹ ወራጅ ውኃ ካልነካቸው አቅጣጫቸውን ይስታሉ። ቦዩን ልክፈተው፤ ፍሰቱን ሲያገኙ ይነሣሉ።»

ገባ። ብዙም ሳይቆይ ገመዱ ላላ። ስትስበው ባዶውን መጣ፤ በቢላ ተቆርጧል።

«አመለጠኝ» አለች ጥርሷን ነክሳ። ሰይፏን መዝዛ ወደ ቦዩ ስታጎነብስ ድምፁ ከሩቅ መጣ።

«ልጄ፣ ገመዱ እስከ ዝቃጩ አላደርስ ቢለኝ ቆረጥሁት። ውኃው ሲለቀቅ ግድግዳውን አጥብቀሽ ያዢ፤ እኔን አትጠብቂ።»

ይህም ተንኮል ይሆን? ቢሆንም፣ «ይመለሱ፤ ሌላ መላ እንፈልግ» አለች። ድንገት ጓዳው ተናወጠ፤ የታጎረው ውኃ እያገሳ በቦዩ ነጎደ። ከመዳፏ ሥር አንድ ፀጉር ተነሣ፤ ቀጥሎ ሌላው፤ ከዚያ ግድግዳው በሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይዘናፈል ጀመር።

ስትወጣ ሐመልኤል ደረቱን ለማዕበሉ ሰጥቶ ባሕሩን መልሶት ነበር።

«ከሃዲውስ?» አለች ንግሥቲቱ።

«ከሃዲ አላገኘሁም፣ እመቤቴ። ሰይፌን የመዘዝኩበት ሰው ለእኛ ሞተ።»

ንግሥቲቱ አንገቷን ደፋች። ዘንዶውም ራሱን ከባሕሩ ቀና አድርጎ «ጎርማን ወዴት ነው? ሕመሙ ለቀቀኝ፤ ልንገረው» አለ።